ሲንኩን ያጠበበው ብርድ

ሳይማ ቅዳሜ ጠዋት ከቦት ጫማዋ ላይ በረዶውን አራግፋ የህንፃ መሣሪያ መደብሩን በር ስትከፍት፣ መጀመሪያ ዓይኗ የገባው የመጣችበት ዕቃ አልነበረም። ከምስማር መደርደሪያው በላይ ብቅ ያለች አንዲት ብርቱካናማ የአዳኝ ኮፍያ ነበረች። ኮፍያዋን ታውቃታለች። ከሥሯ ያለውን ጆሮ ታውቀዋለች። ጆሮው ላይ ክረምት ከበጋ ተሰክታ የምትኖረውን ቀይ እርሳስም ታውቃታለች። ዋርሳዋ ነው፤ የባሏ የሬይኖ ታናሽ ወንድም። እሱም አይቷት ነው መሰል፣ ኮፍያዋ ሐይቅ ላይ እንዳለች ዳክዬ ድንገት ጠለቀች።

ሳይማ የመጣችው ይህንኑ ሰው ለመቅደም ነበር። ባለፈው እሑድ በቤተክርስቲያኑ እራት ላይ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው እየሰማ፣ «ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሄጄ የሳይማን የሲንክ ቀዳዳ እከፍትላታለሁ» ብሎ ቃል ገብቷል። ቀዳዳው ሲንኩ የሚገባበት ነው፤ የማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ሳንቃ ላይ የሚቆረጠው። የመጀመሪያውን ሳንቃ ባለፈው ጥቅምት አበላሽቶታል። አሁን የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ ሬይኖ ነፋስ ከጣለው የሜፕል ዛፍ ሰንጥቆ፣ ጎተራ ውስጥ ስድስት ዓመት አድርቆ፣ የትከሻው ጅማት ሳይበጠስ በፊት ልጎ ያስቀመጠው። ሬይኖ ደግሞ ታናሹን እምቢ ማለት አያውቅበትም። ስለዚህ ሳይማ ርካሽ ራውተር ገዝታ፣ ሰውዬው ሳይደርስ ቀዳዳውን በገዛ እጇ ልትከፍተው ወሰነች። ራውተር ሲባል ኢንተርኔት የሚያከፋፍለው አይደለም፤ ፑንታ እያሽከረከረ እንጨት የሚፈለፍለው የአናጢ ማሽን ነው።

ኮፍያዋን ስታይ ግን ሐሳቧ ሰፋ።

ባንኮኒው ጀርባ ዶሪን ቆማለች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረው ያደጉ ናቸውና፣ ሳይማ ድምጿን ስታጣፍጥ «ማንን ማለትሽ ነው?» ብሎ መጠየቅ እንደማያስፈልግ ዶሪን ታውቃለች። የመደብሩ መውጫ ያለው ባንኮኒው አጠገብ ነው። ሌላ በር የለም።

«እንደምን አደርሽ ዶሪንዬ። በረዶው እናንተ ጋ እንዴት ነው? እኛ ጋማ የፖስታ ሳጥኑን ውጦታል፤ ፖስተኛው ደብዳቤውን በረዶው ላይ እንደ ሻማ ተክሎት ይሄዳል። መጋቢት ገብቶም አልበቃ አለው… የእናትሽ ጉልበትስ? ተመስገን። ሬይኖ? ደህና ነው። በግራ እጁ መብላት ተምሯል። ትናንት ፓስቲውን ሳያፈስ ጨረሰ፤ ሥጋውም ድንቹም ሊጡም ሆዱ ገባ። ሐኪሙ እስከ ሰኔ በቀኝ እጁ ምንም እንዳያነሳ ብሎታል። እሱም አያነሳም… ምንም ነገር አያነሳም። የሰው ስም እንኳ አያነሳም። እንዲህ ያለ ባል ነው የሰጠኝ።

«ራውተር ፈልጌ ነበር። ርካሽ ራውተር። ግን ወፍራም ሳንቃ የሚቆርጥ። ሁለት ኢንች ሙሉ፣ ያውም ሜፕል። ሁለቱ አብረው አይሄዱም ትይኝ ይሆናል፤ ርካሽና ወፍራም ሥራ። እኔ ምን አውቃለሁ? መጽሐፍ ላይ ያነበብኩትን ብቻ ነው።

«በልብሽ ‹የሬይኖስ የት ሄደ?› ትያለሽ። አትዪም? በይ እንጂ፣ ማንም ይላል። የሬይኖማ አለ። ላም አለኝ በሰማይ፣ አይደል የሚባለው? እኔም ራውተር አለኝ። ‹ለአንድ ከሰዓት ብቻ› ተብሎ ከቤት ወጣ፤ ሦስት የአጋዘን አደን ወቅት መጣና ሄደ። አልቀየምም። ዕቃም እንደ ሰው ነው፣ የሚመቸው ቤት ሲያገኝ ይቀራል። ምናልባት እዚያ ሥራ ስለማያበዙበት ወዶት ይሆናል…»

ከምስማሮቹ በኩል አንዲት ብሎን ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ጠብ ስትል ተሰማ። ሳይማ ዞር አላለችም። ከፊት ለፊቷ ከተደረደሩት ማሽኖች ትንሿን አንስታ እንደ ዱባ በእጇ መዘነቻት።

«ይቺ ናት ሃምሳ ዘጠኝ ዶላሯ? ቀለሟ ያምራል። እስቲ ሰኪልኝ… አስነሺው።»

ዶሪን ሰካችው፤ አስነሳችው። ማሽኑ ሲጮህ የቀለም ጣሳዎቹ ክዳን ተንቀጫቀጨ። ሳይማ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ የመዘምራንን ልምምድ እንደሚሰማ ሰው ዓይኗን ጨፍና ሰማች፤ ከዚያ በእጇ «ይብቃ» አለች።

«አቤት ድምፅ። እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም ልልሽ ነበር… ግን እሑድ ሰምቻለሁ፣ በእራቱ ላይ። ባዶውን ሲሽከረከር እንዲህ ነው፤ ሰፈር ያስነሳል፣ የተኛ ሕፃን ይቀሰቅሳል፣ ሰው ‹ይሄማ ዛፍ ይጥላል› ይላል። ወፍራም ሳንቃ ሲነካስ? እህ… እህ… ይልና ጭስ ብቻ። የማሽን ነገር ነው የማወራሽ። አንቺ ደግሞ ምን ያስቅሻል?

«አንገቷን እዪው፤ ፑንታ የሚጨብጠውን። ሩብ ኢንች ብቻ ነው የሚይዘው። ለሁለት ኢንች ሳንቃ ረጅም ፑንታ ያስፈልጋል፤ ረጅም ፑንታ ቀጭን አንገት ላይ ሲቆም ደግሞ ይርገበገባል፣ ቀጥ ብዬ ሄድኩ እያለ ይንሻፈፋል። አልጠላኋትም እኮ። ለፎቶ ፍሬም ትሆናለች፣ ለወፍ ቤትም። ሁሉም ፍጡር የተፈጠረለት ሥራ አለው። የወፍ ቤት ሠርቶ ‹ጎበዝ› የተባለ ሁሉ የሰው ማዕድ ቤት ካልገባሁ ሲል ነው እንጂ ችግሩ… ያቺን መልሻት።

«ይቺኛዋስ? መቶ ሠላሳ ዘጠኝ። ውድ ናት፤ ግን ሁለት አንገት አላት፣ ግማሽ ኢንቹንም ትይዛለች። ስትነሳም አትዘልም አሉ፤ ቀስ ብላ ትጀምርና ኋላ ትበረታለች። ወንድ ሆና ብትፈጠር አገባት ነበር። ደግሞ ይሄ የጥልቀት ማገጃዋ፣ ፑንታውን በደረጃ ነው የሚያወርደው። አንድ ዙር ሩብ ኢንች፤ ትጠርጊያለሽ፤ ሌላ ሩብ። በስምንት ዙር ሳንቃው ያልቃል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? አንዳንዱ ቤት ግን እንቁላሉ ታግሦ አያውቅም… ገና ሳይፈለፈል አውራ ዶሮ ሆኖ አጥር ላይ ወጥቶ ይጮኻል።»

ኮፍያዋ ከምስማሮቹ ወደ ማጠፊያዎቹ፣ ከማጠፊያዎቹ ወደ ወፍ ምግቡ ስትሄድ ታየች። ከወፍ ምግቡ ወዲያ ግድግዳ ነው። ዋርሳዋ አንድ የሱፍ ፍሬ ከረጢት አንስቶ ጀርባውን ማንበብ ጀመረ። ሳይማ ክርኗን ባንኮኒው ላይ አሳርፋ ተመቻቸች።

«ለምን እንደቸኮልኩ ላጫውትሽ? ዕቃ የማጥበው ሳውና ውስጥ ነው። አምስት ወር ሙሉ። መጀመሪያ ወንዶቹ ይታጠባሉ፣ ቀጥሎ ሴቶቹ፣ ከዚያ ሳህኖቹ። እኔና ድስቴ እኩል እናልባለን። የሬይኖ አክስት ለገና መጥታ ‹ሹካዎቹ የት ናቸው?› ብትል ‹ላይኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው እየሞቁ ነው› አልኳት።

«እንዴት እዚህ ደረስን? በሰው ደግነት ነው ዶሪንዬ። በጥቅምት ሬይኖ ትከሻው ተሰፍቶ፣ መድኃኒት ውጦ ክፍሉ ውስጥ እንደ ድብ ሲያንኮራፋ፣ አንድ ደግ ሰው መጣ። ሳይጠራ ነው የመጣው፤ ደግነት ማለት ይሄ ነው። ‹አይዞሽ፣ የሲንኩን ነገር ለእኔ ተዪው› አለኝ። እኔም ተውኩለት።

«አንቺ ሲንክ ትሸጫለሽ፤ ለአንቺ ምኑን እነግርሻለሁ። ሲንኩን ሳንቃው ላይ ገልብጠሽ ዙሪያውን ታሰምሪያለሽ። ይሄ የመጀመሪያው መስመር ነው። ከዚያ አንድ ጣት ወደ ውስጥ ገባ ብለሽ ሁለተኛ መስመር ታሰምሪያለሽ፤ የምትቆርጪው ሁለተኛውን ነው። የሲንኩ ከንፈር በተረፈችው አንድ ጣት እንጨት ላይ ያርፋል። ካህኑም፣ ፖስተኛውም፣ ድመቷም ያውቁታል። ያ ሰውዬ ግን እጁ ሰፊ ነው። መሰሰት አያውቅም። አንድ ጣት እንጨት ሰስቶ ምን ሊሆን ነው? መጀመሪያ ያሰመረውን፣ እዚያው እመስመሩ ላይ፣ ዙሪያውን ለቀቀው። በአንድ ዙር እኮ ነው። ማሽኑ አለቀሰ፣ ሳንቃው ነደደ፣ ቤቱ የተቃጠለ ፓንኬክ ሸተተ። ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። ሬይኖ ቢሆን ግማሽ ቀን ይለካ ነበር፤ ምን ዓይነት ጊዜ ማባከን ነው?

«ከዚያ ሲንኩን በሁለት እጁ አነሳው፤ እንደ ክርስትና ልጅ። ቀዳዳው ላይ አስቀመጠው። ‹እዪው እንግዲህ ሳይማ› አለኝ… ለቀቀው።

«አየሁት። ሲንኩ ሄደ። አልነካካም፣ አልተንገጫገጨም፣ በሩ ክፍት እንደጠበቀው እንግዳ ቀጥ ብሎ ወረደ። ሬይኖ በር የተንኳኳ መስሎት በሰመመኑ ‹ግባ› አለ። ድመቷ እስከ ሐሙስ አልተመለሰችም።

«ታዲያ ሰውዬው ደነገጠ? አልደነገጠም። ወደ ቀዳዳው ጎንበስ አለ፣ ታች ያለውን ሲንክ አየ፣ ጥቂት አሰበና ምን ቢል ጥሩ ነው? ‹ብርዱ ነው› አለ። ‹ብረት በብርድ ይኮማተራል። ሲንኩ ጠቧል።› በጥቅምት። ቤቴ ውስጥ። ምድጃው እየነደደ። እንዲህ ያለ አዋቂ በዚህ መንደር ሲገኝ… ዩኒቨርሲቲዎቹ እንዴት ሳይወስዱት ቀሩ?»

ዶሪን ደረሰኝ ፍለጋ መስላ መሳቢያው ውስጥ አንገቷን ቀበረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሳይማ ጠበቀቻት። ቀጥላ ስትናገር ድምጿ ያው ጣፋጩ ነው፤ ግን ቀስ አለ።

«ብርዱን ቢያማ ምን ገዶኝ። ብርድ ቢታማ ቤተሰብ የለው። ነገር ግን ክረምቱ ሲገፋ ወሬውም እንደ መንገዱ ተንሸራተተ። እሑድ በእራቱ ላይ ሾርባ እየቀዳሁ ሰማሁ፤ መስመሩን ያሰመረው ለካ ሬይኖ ኖሯል። መድኃኒቱ አናቱ ላይ ወጥቶ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ተሳስቶ አሰመረ። ያ ደግ ሰው የታላቁን ቃል አላጥፍም ብሎ በተሰመረለት ቆረጠ… አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ዳዋውም ገበታው ላይ ተቀምጦ ሾርባውን በግራ እጁ እየጠጣ ነበር። ምን አለ? ምንም። ‹ታናሼ ነው› ይላል፣ ስጠይቀው። በቃ።

«ካህኑ መጡ። የአዳራሹን ደረጃ የሠራላቸው ሬይኖ፣ መስቀሉን የሠራላቸው ሬይኖ፣ የእናታቸውን የሬሳ ሣጥን የሠራላቸው ሬይኖ። ትከሻውን በቀስታ ነካ አደረጉና ‹ዓይንህ እንዴት ነው ሬይኖ?› አሉት። ዶሪን፣ አርባ ዓመት እንጨት ሲለካ ለኖረ ሰው፣ ‹ዓይንህ እንዴት ነው?›… የመዘምራኑን አዲስ አግዳሚዎችም ከከተማ ሊያዙ ነው አሉ። እንዳያስቸግሩት ብለው ነው። ደግነት በዛብን እኮ።

«ውይ፣ ስለ ሳንቃው ውፍረት ልጠይቅሽ መጥቼ ወሬ ያዘኝ።»

ሳይማ ከመገበያያ ቦርሳዋ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ባንኮኒው ላይ አኖረች። ድም አለ። ስትፈታው ሁለት ኢንች ውፍረት ያለው የሜፕል ቁራጭ ነው፤ ካለፈው ጥቅምት ቀዳዳ የወጣው ሳንቃ ጥግ። ጎኑ እንደተቃጠለ ዳቦ ጠቁሯል።

«ለዚህ የሚበቃ ፑንታ ነው የምፈልገው። እስቲ ለኪው… አዎ፣ ሁለት ሙሉ። ጥቁረቱን ተይው፣ እሱ የፍጥነት ምልክት ነው። ይልቅ ከላይ ጠርዙን እዪልኝ፣ ዓይኔ ደክሟል። ያቺ ቀጭን መስመር ምንድን ናት? ፑንታው ግማሿን በልቶ ግማሿን ያስቀረልን። ቀይ ናት አይደል? እኔም ቀይ መሰለችኝ።

«ሬይኖ በምን እንደሚያሰምር ታውቂያለሽ። ቢላዎቹን የምትሸጪለት አንቺ ነሽ። በስለት ጭሮ ነው የሚያሰምር፣ ከአባቱ እንደተማረው። እርሳስ ቤታችን ውስጥ የለም፤ እኔ እንኳ የምገዛውን የምጽፈው በብዕር ነው። ታዲያ ይቺ ቀይ ከየት መጣች? መድኃኒቱ ይሆን ያቀላት? ብርዱ ይሆን? ብርድ አፍንጫ ያቀላል፤ መስመር ያቀላል ሲባል ግን አልሰማሁም… ለመሆኑ ቀይ የአናጢ እርሳስ ትሸጣላችሁ? በዚህ መንደር ማን ይገዛችኋል? እንዲያው ለማወቅ ያህል።»

የሱፍ ፍሬው ከረጢት ቀስ ብሎ ወደ መደርደሪያው ሲመለስ ተሰማ። ቀጥሎ የቦት ጫማ ድምፅ። ብርቱካናማዋ ኮፍያ ባንኮኒውን ታክካ፣ ግራ ቀኝ ሳትል፣ አለፈች፤ የበሩ ደወል ተንጫረረ።

ሳይማ በመስኮቱ አላየችም። ዶሪን ግን ለሁለቱም አየች፤ ሰውዬው ወደ ፒክአፑ ሄደ፣ ከኋላ ሸራውን ገለጠ፣ ጎንበስ አለ፣ ቆየ። ተመልሶ ሲገባ በእጁ ዳሯ የተጫጫረ አረንጓዴ የብረት የማሽን ሣጥን ይዟል። ክዳኗ ላይ የሬይኖ ስም በስለት ተጭሯል። ባንኮኒው ላይ፣ ከሳንቃው ቁራጭ ጎን አኖራት። ሊወጣ ዞረና ቆመ። እጁን ወደ ጆሮው ሰደደ፣ ቀይዋን እርሳስ አወረደ፣ ሣጥኗ ላይ በቀስታ አጋደማት። ጫማው ላይ የሚቀልጠውን በረዶ እያየ ቆመ።

ሳይማ ፊቷን ከዶሪን ላይ አላነሳችም።

«እዪማ፣ ላም ከሰማይ ወረደች። የመቶ ሠላሳ ዘጠኟን መልሻት እንግዲህ፤ ፑንታውን ብቻ ስጪኝ፣ የግማሽ ኢንቹን፣ ረጅሙን። ሬይኖ ወንበሩን ማዕድ ቤት ስቦ ይቀመጣል፣ በግራ እጁ በስለት ይጭርልኛል፣ እኔ ማሽኑን እይዛለሁ። ሁለት መስመር። ስምንት ዙር። አንቸኩልም።

«ከምሳ በኋላ ደግሞ ቡና አለ። ሄል የገባበት ኒሱ ዳቦ ጋግሬያለሁ። ቃል የገባ ሰው ካለ አይቅርብኝ፤ ሁለት እጁንም ይዞ ይምጣ። አንደኛው ለሲኒው፣ አንደኛው ለዳቦው። ሦስተኛ እጅ ካለው ኪሱ ውስጥ ያቆየው… ነገ እሑድም እራት አለ። ካህኑም ይኖራሉ። የሲንኩን ታሪክ እንደ አዲስ የሚያወራ ቢነሳ ሾርባዬን አቁሜ እሰማለሁ። ከጥቅምት እስከ መጋቢት አንዴ የተለወጠ ወሬ ሁለተኛ ቢለወጥ ማን ይደንቀዋል? አየሩም እየሞቀ ነው። የጠበበው ሁሉ ይሰፋል።»

ኮፍያዋ አንድ ጊዜ ወደ ታች ተነቀነቀች። ትንሽ ቆይታ እንደገና ተነቀነቀች፤ ሁለተኛው ለነገው እራት መሆኑ ነው። ሰውዬው ወደ በሩ ሄደ፣ እጀታውን ያዘ። ሳይማም ፎጣዋን በሳንቃው ላይ መልሳ እየጠቀለለች፣ እበሩ ድረስ በሚሰማ ለስላሳ ድምፅ አለች፦

«ደግ ሰው እኮ ነው ዶሪንዬ፤ ክፉ አይንካው። ዕድሜ ከጤና ይስጠው። ጌታ ‹በአባቴ ቤት ብዙ መኖሪያ አለ› ብሎ የለ? ከዚያ ሁሉ መኖሪያ ለእሱ ሐይቁ ፊት ለፊት ያለውን ይስጠው፤ ደረጃው፣ ጣሪያው፣ ማዕድ ቤቱ ሁሉ አዲስ ይሁንለት… የሚሠራለትም አናጢ ልክ እንደ እሱ ያለ ይሁንለት። አሜን በይ እንጂ።»